ሁለተኛው ቀን ጠዋት፦ ለጡት ካንሰር በሚደረግ የብዙ ቀን የእግር ጉዞ ለምትሳተፉ

ለጡት ካንሰር ገቢ ለማሰባሰብ በሚዘጋጅ የሁለት ወይም የሦስት ቀን የእግር ጉዞ ለመመዝገብ እያሰባችሁ ከሆነ አንድ ነገር ልንገራችሁ። የመጀመሪያው ቀን አያሳስባችሁ። እሱን ማንም ይጨርሰዋል። ሙዚቃ አለ፣ ጭብጨባ አለ፣ ፀጉሩን ሮዝ የተቀባ ሰው አለ፣ የማታውቁት ሕዝብ መንገድ ዳር ቆሞ ደረታችሁ ላይ የተለጠፈውን ስም እያነበበ ይጠራችኋል፤ እግራችሁ ሳይታወቃችሁ ይሄዳል። ፈተናው ሁለተኛው ቀን ጠዋት ነው። ገና ሳይነጋ ከድንኳን ትወጣላችሁ። ያበጠ እግራችሁን ጤዛ ያቀዘቀዘው ጫማ ውስጥ ትከታላችሁ። ከዚያ ትናንት የሄዳችሁትን ያህል ዛሬም ልትደግሙት ነው።

እኔ በመጀመሪያ ጉዞዬ በሁለተኛው ጠዋት የጫማዬን ክር ማሰር አቅቶኝ ድንኳኑ በር ላይ ቁጭ ብዬ አልቅሻለሁ። ሳልዘጋጅ ቀርቼ አይደለም። ለወራት ስለማመድ ነበር። ግን በሳምንት አንድ ቀን ረጅም መንገድ እሄድና በማግስቱ አልጋ ላይ ተዘርሬ እውል ነበር። ሰውነቴ መሄድ ተምሯል፤ ደክሞት በማግስቱ ተነስቶ መሄድን ግን አልተማረም። ከዚህ በታች የምላችሁ ነገር ሁሉ ያቺን ጠዋት ታሳቢ ያደረገ ነው።

ከመመዝገባችሁ በፊት

ጉዞዎቹ አንድ ዓይነት አይደሉም። ብዙ ሰው የሚያውቀው አሜሪካ ውስጥ በሱዛን ጂ. ኮመን ድርጅት ስም የሚደረገውን የሦስት ቀን ጉዞ ነው። ርቀቱ 60 ማይል ነው፤ ወደ 97 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ድርጅቱን እ.ኤ.አ. በ1982 ያቋቋመችው ናንሲ ብሪንከር ስትሆን ስሙ የእህቷ ነው። ሱዛን በጡት ካንሰር የሞተችው ገና በ36 ዓመቷ ነበር። የመዋቢያ ዕቃ ሻጩ አቨንም በስሙ ለዓመታት የሁለት ቀን፣ የ39 ማይል ጉዞ ሲያካሂድ ነበር፤ እሱ አሁን ቀርቷል። አጠር ያሉም አሉ፣ ተራራ ለተራራ የሚሄዱም አሉ።

ስለዚህ ስሙን ትታችሁ ዝርዝሩን ጠይቁ። በቀን ስንት ኪሎ ሜትር ነው? አስፋልት ነው ወይስ ኮረኮንች? ዳገት ይበዛዋል? ማታ የት ነው የሚታደረው? በቀን 32 ኪሎ ሜትር ማለት በሰዓት 5 ኪሎ ሜትር ለሚራመድ ሰው ስድስት ሰዓት ተኩል ነው። ውሃ ለመሙላት፣ ለምሳ፣ ለመጸዳጃ ሰልፍ የምትቆሙት ሲጨመርበት ከስምንት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ይፈጃል። (ሰልፉን አትናቁት። ሴት በሚበዛበት ጉዞ ላይ የመጸዳጃ ሰልፍ ራሱን የቻለ ማረፊያ ጣቢያ ነው።)

ሌላው የገንዘቡ ደንብ ነው። አብዛኞቹ ረጃጅም ጉዞዎች እያንዳንዱ ተሳታፊ ቢያንስ ይህን ያህል ማሰባሰብ አለበት የሚል ወለል አላቸው። በኮመን የሦስት ቀን ጉዞ ይህ ወለል ለብዙ ዓመታት 2300 ዶላር ሆኖ ቆይቷል። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ካልሞላ ምን እንደሚሆን ከመፈረማችሁ በፊት አንብቡ፤ አንዳንዱ አታልፉም ይላል፣ አንዳንዱ የጎደለውን ከራሳችሁ ካርድ ይቆርጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ ከጉዞው በኋላ የተወሰነ ጊዜ ይሰጣል። የመመዝገቢያ ክፍያው ብዙ ጊዜ ከዚህ ድምር አይቆጠርም፤ ብትቀሩም አይመለስም።

ገንዘቡ የት እንደሚሄድ መጠየቅም መብታችሁ ነው። ለምርምር ነው? ታማሚዎችን ለመርዳት ነው? ለቅድመ ምርመራ ነው? ስንቱ ለዝግጅቱ ወጪ ይውላል? በሺህ የሚቆጠር ሰው ለቀናት ማብላት፣ ማሳደርና ማጀብ ትልቅ ወጪ አለው፤ ወጪ መኖሩ ነውር አይደለም። ነውሩ አዘጋጁ ይህን ሲጠየቅ በግልጽ አለመናገሩ ነው። ዓመታዊ የሒሳብ ሪፖርታቸውን ፈልጉ። ለሰው እጃችሁን የምትዘረጉት እናንተ ናችሁ፣ የምትጠየቁትም እናንተ ናችሁ።

መሄድ የማትችሉ ከሆነ ደግሞ በሩ አልተዘጋም። እያንዳንዱ ጉዞ ድንኳን የሚተክል፣ ውሃ የሚያድል፣ መንገድ የሚያሻግር፣ የቆሰለ እግር የሚያክም የበጎ ፈቃደኛ ቡድን ያስፈልገዋል። እውነቱን ለመናገር እነሱ ከተጓዡ ቀድመው ይነሳሉ፣ ከተጓዡ በኋላ ይተኛሉ።

ሰው መጠየቅ

ብዙዎቻችን 97 ኪሎ ሜትር ከመሄድ ይልቅ «ገንዘብ ስጡኝ» ማለት ይከብደናል። ይሉኝታ ይይዘናል። እኔ ለሁለት ወር ያህል የገንዘብ ማሰባሰቢያ ገጼን ከፍቼ አንድ ሰው ሳልጠይቅ ቁጭ ብያለሁ። ያዳነኝ አንድ የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ «ቆይ እስቲ፣ ለምን ለኔ አልነገርሽኝም?» ብሎ ተቆጣኝ። ያኔ የገባኝ ነገር ሰው የሚቀየመው ሲጠየቅ ሳይሆን ሲዘለል መሆኑ ነው።

መጀመሪያ ራሳችሁ ስጡ። ትንሽም ቢሆን። ባዶ ሳህን ላይ የመጀመሪያውን ሳንቲም መጣል ማንም አይወድም። ቀጥሎ በጣም የሚቀርቧችሁን አምስት ወይም ስድስት ሰዎች በስልክ ወይም በአካል ጠይቁ። በጅምላ መልእክት አትጀምሩ። ለሁሉም የተላከ መልእክት ለማንም እንዳልተላከ ነው የሚቆጠረው፤ ሁሉም ሌላው ይሰጣል ብሎ ያልፈዋል።

መልእክታችሁ አጭር ይሁን። ለምን እንደምትሄዱ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ስንት ቀንና ስንት ኪሎ ሜትር እንደሆነ በአንድ፣ ስንት እንደምትጠይቁ በአንድ። መጠኑን ቁርጥ አድርጋችሁ ተናገሩ። «የቻልከውን» ሲባል ሰው ስንት እንደሚበቃ ስለማያውቅ ነገ ይለዋል፣ ነገ ደግሞ ይረሳል። ለአንድ ኪሎ ሜትር ይህን ያህል ብሎ ከፋፍሎ መጠየቅም ጥሩ ይሠራል፤ አጎት 10 ኪሎ ሜትር ይገዛል፣ የአክስት ልጅ አንድ ኪሎ ሜትር ትገዛለች፣ ሁለቱም የጉዞው ባለቤት ይሆናሉ። መሥሪያ ቤታችሁ ሠራተኛው ያሰባሰበውን ያህል ጨምሮ የሚሰጥበት አሠራር እንዳለውም ጠይቁ። ብዙ ሰው ሳይጠይቅ የሚያልፈው ገንዘብ እዚያ አለ።

ዝም ያላችሁን ሰው አንድ ጊዜ አስታውሱት፣ ቢበዛ ሁለቴ። ከዚያ በላይ ጓደኝነት ይጎዳል። የሰጠውን ግን በዚያው ዕለት፣ በስሙ ጠርታችሁ አመስግኑ።

ለምን እንደምትሄዱ ስትናገሩ ሰው ጥያቄ ይዞ መምጣቱ አይቀርም። ትንሽ ቁጥር በእጃችሁ ይኑር። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እ.ኤ.አ. በ2022 በዓለም ላይ 2.3 ሚሊዮን ሴቶች የጡት ካንሰር እንዳለባቸው ታውቋል፣ 670 ሺህ ሰዎች ሞተዋል። «ወንድ ምን አገባው?» ለሚላችሁ ደግሞ ከታማሚዎቹ ከግማሽ እስከ አንድ በመቶ ያህሉ ወንዶች ናቸው በሉት። ምልክቱን የምትጠይቃችሁም ትኖራለች፤ ጡት ወይም ብብት ውስጥ አዲስ እብጠት፣ የቆዳ መሰርጎድ ወይም መቅላት፣ የጡት ጫፍ ወደ ውስጥ መግባት ወይም ፈሳሽ ማውጣት። እብጠቱ ብዙ ጊዜ አያምም፣ ሴቶች የሚዘናጉትም በዚህ ነው። ያየችውን ይዛ ሐኪም ጋ ትሂድ። እናንተ ሐኪም አትሁኑ።

ልምምድ፣ ማለትም ቅዳሜና እሁድ

ለሦስት ቀን ጉዞ ከአራት እስከ ስድስት ወር ያስፈልጋል። ከዜሮ የምትነሱ ከሆነ ስድስቱን ውሰዱ። በሥራ ቀናት ሁለት ሦስት ጊዜ ከአምስት እስከ ስምንት ኪሎ ሜትር፣ ከዚያ ቅዳሜና እሁድን አከታትላችሁ። ዋናው ቁም ነገር ይሄ «አከታትላችሁ» የሚለው ቃል ነው። ቅዳሜ 10 ሄዳችሁ እሁድ 6፣ ከሳምንታት በኋላ ቅዳሜ 16 እሁድ 12፣ እንዲህ እያለ መጨረሻ አካባቢ ቅዳሜ ከ26 እስከ 29፣ እሁድ ደግሞ 20 እና ከዚያ በላይ ይደርሳል። የሳምንቱን ድምር በአንዴ አታንሩት፤ ከአሥር እስከ አሥራ አምስት በመቶ ጨምሩ፣ በየሦስት ወይም አራት ሳምንቱ ቀነስ አድርጋችሁ ሰውነቱን አሳርፉት።

የእሁዱ ያስጠላል። እግር ይከብዳል፣ ባት ይወጠራል፣ ዝናብም የሚዘንበው እሁድ ነው። ግን የምትለማመዱት ያንን ነው። እሁድ ጠዋት የመጀመሪያዎቹ ሁለት ኪሎ ሜትሮች ላይ ሰውነት «ዛሬስ አልችልም» ይላል፣ ከሃያ ደቂቃ በኋላ ደግሞ ደም ሲዘዋወር ይለቃል። ይህን አሥር ጊዜ ያየ ሰው በጉዞው ሁለተኛ ጠዋት አይደነግጥም። ያላየ ሰው እንደኔ ያለቅሳል።

ቢያንስ አንድ ጊዜ በዝናብ፣ ጥቂት ጊዜም በፀሐይ ሂዱ። በጉዞው ቀን የምትይዙትን የወገብ ቦርሳ፣ የምትለብሱትን ቲሸርት፣ የምታደርጉትን የጡት መያዣ ሁሉ በረጅም ልምምድ ላይ ሞክሩት። የጡት መያዣ ስፌት ከ20 ኪሎ ሜትር በኋላ ምን እንደሚያደርግ ቤት ውስጥ አይታወቅም። የመጨረሻዎቹን ሁለት ሳምንታት ቀንሱ። «ትንሽ ልጨምር» የሚል ፍርሃት ይመጣል፤ አትስሙት፣ በዚያ ሰዓት የምትጨምሩት ድካም እንጂ ጉልበት አይደለም።

አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚወጋ፣ በተራመዳችሁ ቁጥር የሚብስ፣ ማታም የማይተዋችሁ ሕመም ከድካም የተለየ ነው። እሱን ይዛችሁ አትግፉ። በማስታገሻም አትሸፍኑት።

እግር

ከዚህ ጽሑፍ አንድ ክፍል ብቻ የምታነቡ ከሆነ ይሄንን አንብቡ። ከእነዚህ ጉዞዎች ሰውን አቋርጦ የሚያስወጣው ነገር ብዙ ጊዜ ልብ ወይም ሳንባ ሳይሆን ሽምብራ የምታህል ውሃ የቋጠረች ቆዳ ናት።

እግር ውሃ የሚቋጥረው በሙቀት፣ በእርጥበትና በመፋተግ ነው። ላይኛው ቆዳ ካልሲው ጋር ተጣብቆ ይቀራል፣ ውስጡ ያለው አጥንት በየእርምጃው ወደፊትና ወደ ኋላ ይላል፣ መሐል ላይ ያለው ቆዳ ይሰነጠቅና ውሃ ይሞላዋል። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን መቀነስ ነው ሥራችሁ።

ጫማ ስትገዙ ማታ ሂዱ፣ እግር ቀኑን ሙሉ ውሎ ሲያብጥ። የምትሄዱበትን ካልሲ ይዛችሁ ሂዱ። ከረጅሙ ጣታችሁ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ባዶ ቦታ ይኑር፤ ብዙ ሰው ከለመደው ግማሽ ወይም አንድ ቁጥር ከፍ ያደርጋል። ሁለት ጥንድ ያስፈልጋችኋል። አንዱን ለልምምዱ ትጨርሱታላችሁ፤ የስፖርት ጫማ ሶል ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር አካባቢ ልስላሴው ያልቃል፣ የስድስት ወር ልምምድ ደግሞ እዚያ ያደርሳል። ሁለተኛውን ከጉዞው አምስት ስድስት ሳምንት ቀደም ብላችሁ ገዝታችሁ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ሂዱበት። በጉዞው ላይ በየቀኑ ማፈራረቅ ይቻላል፣ ጫና የሚያርፍበት ቦታ ይለወጣል። አዲስ ጫማ አድርጎ ጉዞ የሚጀምር ሰው ሁልጊዜ አለ። ምሳ ሰዓት ላይ የሕክምና ድንኳኑ ውስጥ ታገኙታላችሁ።

ካልሲ ጥጥ አይሁን። ጥጥ ላብ ጠጥቶ ይይዘዋል። ሰው ሠራሽ ወይም ስስ የሱፍ ካልሲ አድርጉ። ለአንድ ቀን ሁለት ጥንድ ያዙና ምሳ ላይ ቀይሩ፤ ጫማ አውልቁ፣ እግራችሁን አየር ላይ አድርጉት፣ ደረቁን አድርጉ። ይህች አሥር ደቂቃ ከምሳው በላይ ትጠቅማችኋለች።

ልምምድ ላይ የሚቀላባችሁን ቦታ ታውቁታላችሁ፤ የኔ ግራ ተረከዝና የትንሿ ጣቴ ጎን ነው። እዚያ ቦታ ላይ ጠዋት ጫማ ከማድረጋችሁ በፊት ስስ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ ያ ሐኪም ቤት ፋሻ ለማያያዝ የሚጠቀሙበትን ርካሹን። ተራ ነገር ይመስላል። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣ የስታንፎርድ ሐኪሞች ጥናት ለቀናት 250 ኪሎ ሜትር በሚሮጡ ሰዎች ላይ ሞክሮት፣ የተለጠፈበት ቦታ ውሃ የመቋጠሩ ነገር በ40 በመቶ ቀንሶ ተገኝቷል። ሲለጠፍ መጨማደድ የለበትም፣ ጠርዙም ክብ ተደርጎ ይቆረጥ። ቫዝሊን የምትወዱ ካላችሁ ቫዝሊንም ይሠራል፣ ግን ከአንድ ከሁለት ሰዓት በኋላ ኃይሉ ስለሚያልቅ እንደገና መቀባት አለበት። ሁለቱን አንድ ቦታ ላይ አታድርጉ፤ ቫዝሊን ላይ ፕላስተር አይይዝም። ለጭን፣ ለብብትና ለጡት መያዣው መስመር ግን ቫዝሊኑን አትቆጥቡ። ጭን እርስ በርሱ ተፋትጎ የተላጠ ሰው ማታ ሻወር ውስጥ የሚያወጣው ድምፅ ከሩቅ ይሰማል።

ጥፍራችሁን ከጉዞው ሦስት አራት ቀን በፊት ቀጥ አድርጋችሁ ቁረጡ። በዋዜማው አይሁን፣ ብትቆርጡት ሥጋ ጋ ያለው ጠርዝ ይወጋል። ቁልቁለት ላይ ጣት ከጫማው ፊት ጋር እየተጋጨ ጥፍር ይጠቁራል፤ ክሩን እስከ መጨረሻዋ ቀዳዳ ድረስ አስገብታችሁ ቁርጭምጭሚት ላይ ጠበቅ፣ ጣት ላይ ላላ አድርጉት።

እንግዲህ መንገድ ላይ አንድ ቦታ ማቃጠል ጀመረ እንበል። አሁኑኑ ቁሙ። «ቀጣዩ ጣቢያ ላይ አየዋለሁ» አትበሉ። ያቺ የሁለት ኪሎ ሜትር ዝምታ ናት የሁለተኛውን ቀን ጠዋት የምታበላሸው። ጓደኞቻችሁ ይሂዱ፣ ትደርሱባቸዋላችሁ። ካልሲውን አውልቁ፣ አሸዋ ካለ አራግፉ፣ አድርቁ፣ ለጥፉ። ውሃ ከቋጠረ ደግሞ ትንሽና የማያም ከሆነ አትንኩት፣ ሸፍናችሁ ሂዱ። ትልቅ ሆኖ ካሳመመ ሕክምና ድንኳን ይሂድ፤ እነሱ በንጹሕ መርፌ ጠርዙን በስተው ውሃውን ያፈሱታል፣ ቆዳውን ግን አይልጡትም። ያ ቆዳ የተፈጥሮ ፕላስተር ነው። እናንተም አትላጡት። የስኳር ሕመም ያለባችሁ እግራችሁን ራሳችሁ እንዳትበሱ።

ውሃና ጨው

ሲጠማችሁ ጠጡ። በየጣቢያው የተቀዳውን ሁሉ ግን አትገልብጡ። ሰው ውሃ ጥምን ብቻ ነው የሚፈራው፣ ግን በላብ ጨው እያጣ ባዶ ውሃ አብዝቶ የሚጠጣ ሰው ደሙ ውስጥ ያለው ሶዲየም ይቀጥንና ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ መደናገር ይመጣል። ሲብስ ለሕይወት ያሰጋል። የሚያስቸግረው፣ ምልክቱ ከጥማት ጋር ስለሚመሳሰል ጓደኛ «ጠጪ፣ ጠጪ» እያለ ያባብሰዋል። ስለዚህ ውሃውን ከጨዋማ ነገር ወይም ከኦ አር ኤስ ጋር አፈራርቁ። የሽንታችሁ ቀለም ፈዘዝ ያለ ቢጫ ከሆነ ጥሩ ነው። ከጠቆረ ጨምሩ፣ እንደ ውሃ ከነጣ ቀነስ አድርጉ።

ጣት ያብጣል። እጅ ለሰዓታት ተንጠልጥሎ ሲወዛወዝ የሚመጣ ነውና አትደንግጡ፣ አልፎ አልፎ ከፍ አድርጋችሁ ጨበጥ ዘርጋ አድርጉት። ቀለበት ግን ጠዋት አውልቁ። ማታ በሳሙና ስትታገሉ አትደሩ።

ማስታገሻ እንደ ከረሜላ የሚያድሉ ጓደኞች ይኖራሉ። እንደ አይቡፕሮፌን ያሉት መድኃኒቶች ሰውነት ውሃ ባነሰው ሰዓት ኩላሊት ይጎዳሉ፤ ሳትጠይቁ አትዋጡ።

ከሕክምና ወጥታችሁ ለምትሄዱ

በእነዚህ ጉዞዎች ላይ ራሳቸው የታመሙ፣ አንዳንዴም ገና ሕክምና ላይ ያሉ ሰዎች ይሄዳሉ። ከሆናችሁ ከመመዝገባችሁ በፊት ሐኪማችሁን በቁጥር ጠይቁ፤ «መሄድ እችላለሁ?» ብቻ ሳይሆን «በቀን 32 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ቀን፣ ድንኳን እያደርኩ» በሉ። መልሱ ሊለያይ ይችላል።

የብብት እጢ የወጣላችሁ ክንዳችሁ ሊያብጥ እንደሚችል ታውቃላችሁ። የቦርሳ ማንገቻ በዚያ በኩል ትከሻ ላይ አይረፍ፣ የወገብ ቦርሳ ይሻላል። የተለመደውን እብጠት መከላከያ እጅጌ አትርሱ፣ በዚያ እጅ ላይ የፀሐይ ቃጠሎና ጭረት እንዳይደርስ ተጠንቀቁ። ክንዱ ድንገት ቀልቶ ከሞቀ ወይም ትኩሳት ከመጣ ጉዞው እዚያ ላይ ይቁም። የጨረር ሕክምና ያገኘው ቆዳ በፀሐይ ቶሎ ይጎዳል፣ በልብስ ሸፍኑት። አንዳንድ የኬሞ መድኃኒቶች ደግሞ እግርን ያደነዝዛሉ፤ እግሩ የደነዘዘ ሰው ማቃጠሉ ስለማይሰማው በየጣቢያው ካልሲ አውልቆ በዓይኑ ማየት አለበት። ይሄ ከሁሉ በላይ ይሰመርበት።

ከእነሱ ጋር ለምትሄዱ ደግሞ አንድ ቃል። ሁሉም ስለ ሕመሟ ማውራት አትፈልግም። ስለ ሥራዋ፣ ስለ ልጆቿ፣ ስለ ጫማዋ ጠይቋት። «ጀግና ነሽ» የሚለውን አሥር ጊዜ ሰምታዋለች። አንዲት አብራኝ የሄደች ሴት «እኔ እኮ ዛሬ የመጣሁት ጀግና መባል ሰልችቶኝ ነው፣ እስቲ እግሬን አሞኛል ልበል» ብላ አስቃኛለች።

ድንኳን

ልብሳችሁን በቀን በቀን ከፋፍላችሁ በላስቲክ ከረጢት አሽጉ። አንድ ከረጢት አንድ ቀን። ጨለማ ውስጥ ካልሲ ፍለጋ ሻንጣ መገልበጥ ይቀራል፣ ዝናብም ቢገባ ይድናል። የጆሮ መድፈኛ ያዙ፤ በመቶ የሚቆጠር የደከመ ሰው በአንድ ሜዳ ላይ ሲያንኮራፋ ሰምታችሁ አታውቁም። የግንባር ባትሪ፣ ክፍት ጫማ፣ ፓወር ባንክ፣ ለሌሊት ሞቅ ያለ ልብስ። ድንኳኖቹ ሁሉ አንድ ቀለም ናቸውና በራችሁ ላይ አንድ የሚታይ ነገር እሰሩ። ሌሊት ከመጸዳጃ ተመልሼ የሰው ድንኳን ዚፕ ከፍቻለሁ፣ ይቅርታ ጠይቄ ሳልጨርስ ሴትየዋ «ግቢ ግቢ፣ ይበርዳል» አለችኝ።

ስትደርሱ ወዲያው አትተኙ። አሥር ደቂቃ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፣ ባትና ጭን አፍታቱ፣ ታጠቡ፣ ብሉ፣ ከዚያ በጀርባ ተኝታችሁ እግራችሁን ቦርሳ ላይ ስቀሉት። የነገውን ካልሲ፣ ፕላስተርና መቀስ ትራስ አጠገብ አስቀምጡ። ጫማውን የውስጥ ሶሉን አውጥታችሁ ድንኳን ውስጥ አስገቡት፣ ውጪ ጤዛ ይበላዋል።

መንገድ ላይ

ከሰው ጋር አትፎካከሩ፣ ጊዜ የሚይዝ የለም። የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያ ሰዓት ላይ ቀስ በሉ፤ ጭብጨባው ያስሮጣል። በሁለቱም ጆሮ ማዳመጫ አታድርጉ፣ ብዙ ጉዞዎች ጨርሶ ይከለክላሉ፣ ምክንያቱም መንገዱ ብዙ ጊዜ ለመኪና አይዘጋም። የተጓዡን ኋላ የሚከተል መኪና አለ። የደከመውን አንስቶ ወደ ቀጣዩ ጣቢያ ያደርሳል። መኪና ላይ መውጣት ሽንፈት የሚመስላችሁ ካላችሁ ገንዘቡን የሰጠ ሰው እግራችሁን ሰብራችሁ እንድትገቡ አለመክፈሉን አስቡ። እኔ በዚያ በመጀመሪያው ጉዞ ሁለተኛው ቀን ላይ ሰባት ኪሎ ሜትር በመኪና ሄጃለሁ። ሦስተኛውን ቀን ሙሉውን የሄድኩት በዚያ ምክንያት ነው።

ሰው የሞተበትን ስም ጀርባው ላይ ጽፎ የሚሄድ ብዙ ነው። ከኋላቸው ስትሄዱ ታነቡታላችሁ፤ «እማዬ»፣ «እህቴ»፣ አንዳንዱ ላይ አምስት ስድስት ስም ተደርድሯል። መጻፍ ከፈለጋችሁ የማይለቅ ቀለም ተጠቀሙ፣ የኔ በላብ ደብዝዞ ከሰዓት በኋላ አይነበብም ነበር።

ስትጨርሱ በማግስቱ ሃያ ደቂቃ ሂዱ፣ ክፍት ጫማ አድርጋችሁ። ከዚያ ቁጭ በሉና ለሰጣችሁ ሰው ሁሉ ጻፉ፤ ስንት እንደተሰበሰበ፣ ስንት ኪሎ ሜትር እንደሄዳችሁ፣ የቀረም ካለ የቀረውን። ፎቶ ጨምሩበት። እኔ በፕላስተር የተጀቦነውን እግሬን ላኩላቸው፣ አጎቴ 10 ኪሎ ሜትሩን የገዛው «የኔ የትኛው ጣት ላይ ነው?» ብሎ መለሰልኝ።